ለስለት የገባው ጆተኒ

ሰው ለስለት ጥላ ያስገባል፣ ምንጣፍ ያስገባል፣ ጧፍ ያስገባል፤ በጣም የጨነቀውም ሙክት ይጎትታል። እኔ ጆተኒ አስገባሁ። እስከ ዛሬ በደብራችን በር ሳልፍ “ባለ ጆተኒዋ” ብለው የሚጠቃቀሱብኝ አሉ። ስሙን ያወጣሁት ራሴ ስለሆንኩ ማንንም አልቀየምም።

ጆተኒን፣ ያን የጠረጴዛ ላይ እግር ኳስ፣ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። የእኔ ግን የድሮው ዓይነት ነው። በዛሬዎቹ ጆተኒዎች ባለቤቱ አጠገብ ቆሞ ሒሳብ ይቀበላል። የድሮዎቹ ራሳቸው ነበሩ የሚቀበሉት። ስሙኒ ትከቱባቸዋላችሁ፣ ከጎን ያለችውን እጀታ ትስባላችሁ፣ ኳሶቹ ከሆዳቸው እየተንኳኩ ይወርዳሉ። ልጅ ሆኜ እዚሁ ጉለሌ፣ ከቤታችን በታች፣ በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ነበር። ጨው ግዢ ተብዬ ስላክ ቆሜ የኳሶቹን ድምፅ እሰማለሁ። ጎረምሶቹም “አንቺ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ቤትሽ ግቢ!” ይሉኛል። ሴት ልጅ ጆተኒ አትነካም ነበር። እኔም እገባና ጨዉን ዘግይቼ በማምጣቴ እቆነጠጣለሁ።

ካደግሁ በኋላ ሥራዬ መጠገን ሆነ። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜዬን በሙሉ የስፌት መኪና ስጠግን ኖርኩ። ጡረታ ስወጣ ጭንቅላቴ ደስ አለው፣ እጄ ግን ሥራ ፈታ። ሥራ የፈታ እጅ ደግሞ የሰው ቤት በር ያንኳኳል እንጂ ዝም ብሎ አይቀመጥም። እኔ የሰው በር ከማንኳኳት ብዬ ሳንቲም የሚበሉ አሮጌ ማሽኖችን መሰብሰብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የመጣችው ሳንቲም ሲከቱባት ክብደት የምትናገር ረጅም ሚዛን ናት። ምናለሽ ተራ፣ የተሰባበሩ ፍሪጆች መሃል ቆማ አገኘኋት። ሞላዋን ቀየርኩ፣ መስታወቷን ወለወልኩ፤ ትሠራለች፣ ግን ሁለት ኪሎ ታሳንሳለች። ማስተካከል አቅቶኝ አይደለም። የሰፈሩ ሴቶች በየሳምንቱ እየመጡ ይመዘኑባታል፤ ባስተካክላት የሚጣሉት ከእኔ ጋር ነው። ሁለተኛ ከፈረሰ ቡና ቤት የወጣ ዘፈን የሚመርጥ ትልቅ ሳጥን መጣ። የፈለጋችሁትን ቁጥር ብትጫኑ እሱ የሚያጫውተው የፈለገውን ነው። ይሄን ጠባይ ቤቴ ውስጥ ስለለመድኩት አላስገረመኝም።

ባሌን ማለቴ ነው። ባሌ ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ ይሸጣል። ዕድሜውን ሙሉ ሲያጥፍ የኖረ ሰው ስለሆነ ያልታጠፈ ነገር ያመዋል። ማሽኖቹንም ቢችል አጥፎ መደርደሪያ ላይ ይደረድራቸው ነበር። ሳሎናችንን “ጋራዡ” ይለዋል። እንግዳ ሲመጣ “ግቡ፣ ግቡ፣ ጋራዡ ክፍት ነው” ይላል፣ እኔን በጎን እያየ።

ጆተኒው የመጣው በቆራሌው በኩል ነው። አንድ ጠዋት ጆንያውን ተሸክሞ በሬን አንኳኳና “ማዘር፣ ትንንሽ ሰዎች አሉኝ” አለኝ። ደንግጬ ጆንያውን ስከፍት የብረት ተጫዋቾች ናቸው፤ ዝገት በዝገት ሆነው ተከማችተዋል፣ ግማሾቹ እግር የላቸውም። በኪሎ ሊሸጣቸው ነበር። “ቤታቸውስ?” አልኩት። ቤታቸው አዲሱ ገበያ፣ አንዲት ባለ ሱቅ ሽንኩርት ትደረድርበታለች። ሄጄ አየሁት። እግሮቹ የቆሙ ናቸው፣ እንጨቱ የድሮ ወፍራም እንጨት ነው። ሴትየዋን አዲስ የሽንኩርት ጠረጴዛ አሠርቼላት ጆተኒውን ወሰድኩ። ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ዕቃው ሲገባ አየና “ሽንኩርት ሽንኩርት የሚል የሬሳ ሳጥን” አለ።

ዘንጎቹን ናፍጣ ውስጥ ዘፍዝፌ ዝገቱ እስኪለቅ ጠበቅኩ። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍገው ቀለም በቀለም ላይ ወጣ፤ አረንጓዴ፣ ከስሩ ሰማያዊ፣ ከስሩ ሌላ አረንጓዴ። ከሁሉም ያስቸገረኝ ጉሮሮው ነበር። ስሙኒ ሲከቱበት አይውጥም፣ አይተፋም። ፈትቼ ሳየው በውስጡ የተጨፈለቁ ቆርኪዎች ተሰግስገዋል። የድሮ ልጆች የለስላሳ ቆርኪ መኪና መንገድ ላይ እያስቀመጡ፣ ጎማ ሲደፈጥጠው አንስተው እንደ ስሙኒ ይከቱበት ኖሯል! ብቻዬን መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። ያኔ “ቤትሽ ግቢ” ያሉኝ ጎረምሶች ሌቦች እንደነበሩ በማስረጃ ያዝኩ።

ከተጫዋቾቹ አንዱ በረኛ ጠፍቶ ነበር። ከወይራ እንጨት ቀርጼ ሠራሁለት። ፀጉር መቅረጽ ስለማልችል ራሱን መላጣ አድርጌ በቫርኒሽ አሳመርኩት። ባሌ መነጽሩን አድርጎ አጎነበሰና አየው።

“ይሄ ራስ የማን ነው?”

“የማንም አይደለም።”

“የማንም ራስ እንዲህ አያበራም” አለና ሄደ። እውነቱን ለመናገር፣ ስቀርጸው የማንን ራስ እያሰብኩ እንደነበረ አላውቅም። እጄ ግን ያውቃል መሰለኝ።

ጆተኒው ሠርቶ፣ ቀይና ነጭ ማሊያ ተቀብቶ፣ ሳሎኑ መሃል በቆመ በወሩ ባሌ ሱቁ ውስጥ ጋቢ እያጠፈ ወደቀ። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነው። ሆዱን ሲያመው ሰንብቶ ኖሯል፤ የሚናገር ሰው አይደለም። ሆስፒታል ስደርስ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገብተውት በሩ ተዘግቷል። አንድ ነርስ “ዘግይቷል፤ ጸልዩ” አለችኝና አለፈች።

ከጎኔ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ልጇ ከውስጥ ነው። እያለቀሰች ጮክ ብላ “እመቤቴ፣ ልጄን በደህና አውጪልኝ እንጂ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ጥላ አስገባልሻለሁ” አለች። እኔ በልቤ አንድ እሽግ ጧፍ ላስገባ አስቤ ነበር። ይሄን ስሰማ ጧፉ አሳፈረኝ። ለዚህ ሁሉ ዘመን ባል ጧፍ? ጥላ ብልም ከሴትየዋ ገልብጬ መሆኑ ነው። ዶሮዋ ሲሉ ሰምታ በገመድ ታንቃ ሞተች ይባል የለ! እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ ከሴትየዋ በላይ ጮኼ፣ “እመቤቴ፣ ባሌን በሕይወት ከመለስሽልኝ ጆተኒዬን አስገባልሻለሁ!” አልኩ።

ሴትየዋ ማልቀሷን አቆመች። “ምንሽን?”

“ጆተኒዬን።”

“የልጆችሽን?”

“የራሴን።”

ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና ፈገግ አለች፤ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሃል ፈገግ አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የመጣው ከዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው።

ባሌ ዳነ። የሴትየዋም ልጅ ዳነ። ባሌን ወደ ቤት አምጥቼ ካስተኛሁት በኋላ ሳሎን ገብቼ ጆተኒው አጠገብ ቆምኩ። የእመቤታችን የንግሥ በዓል እየቀረበ ነው፤ የስለት ዕቃ ሁሉ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ ሰው ነኝና ማምለጫ መፈለግ ጀመርኩ። “በሕይወት ከመለስሽልኝ” ነው ያልኩት፤ የተመለሰው በሕይወት ነው፣ እዚህ ጋ ክፍተት የለም። “ጆተኒዬን” ነው ያልኩት፤ ያለኝ አንድ ነው፣ እዚህም ክፍተት የለም። ሚዛኗን በምትኩ ልስጥ? ሁለት ኪሎ የምትዋሽ ሚዛን ለቤተ ክርስቲያን መስጠት ሌላ ኃጢአት ነው።

ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። አረጋዊ ቄስ ናቸው፤ ለሰው አይቸኩሉም።

“አባ፣ ስለት ተስዬ ነበር። ልለውጠው ይቻላል?”

“ምን ነበር የተሳልሽው፣ ልጄ?”

“ጆተኒ።”

ዝም አሉ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሳቸው ዝምታ ግን እኔን አነቀዘኝ። እንደገና ቸኮልኩና “እሱ እኮ፣ አባ፣ የዓለም ዕቃ ነው። ቁማር የሚጫወቱበትም አሉ። ደብሩ ባይቀበለው አልቀየምም” አልኩ። ተስፋዬ ሁሉ እዚያ ላይ ነበር፤ “አይገባም” ይሉኛል፣ እኔም በዋጋው ምንጣፍ ገዝቼ አስገባለሁ።

“እስኪ ልየው” አሉ።

ቤት መጡ። ባሌን በመስቀላቸው ባርከው ወደ ሳሎን ገቡ። ጆተኒውን ዞረው ዞረው አዩት። እኔ “ይኸው አባ፣ ጫጫታ ነው፣ ጠብ ያመጣል” እያልኩ አጣጥላለሁ። እሳቸው የቀሚሳቸውን እጅጌ ወደ ላይ ሰብሰብ አደረጉና አንዱን እጀታ ያዙ። አያያዛቸው የለመደ ሰው አያያዝ ነው።

“እናንተ ዘንድ ዘንጉን ማሽከርከር ይፈቀዳል?” አሉኝ።

ይሄን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ጆተኒ የማያውቅ ሰው አይደለም። የእኔ ልመና እዚያ ላይ አለቀ። “ቁማር አይደለም፣ ኳስ ነው። ንጹሕ ዕቃ ነው፣ ይገባል” አሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ዘወር ብለው “ጨረታው ላይ ለራስሽ መልሰሽ እንዳትገዥ። የሰጠሽውን ከወሰድሽ አልሰጠሽም ማለት ነው። እጅሽን በነጠላሽ ስር አድርገሽ ቁሚ” ብለው አስጠነቀቁኝ። አውቀውኛል።

የበዓሉ ዋዜማ ላይ ጎረቤቶች ተረዳድተው ጆተኒውን ትንሽ የጭነት መኪና ላይ ጫኑት። ባሌ ከአልጋው ተነስቶ፣ ግድግዳ እየያዘ መጣና ባዶውን ሳሎን አየ። እኔ አንድ ቃል እጠብቃለሁ። “እግዜር ይስጥልኝ” ቢለኝ በቂዬ ነው። እሱ ሜትሩን አወጣና ወለሉን ይለካ ጀመር።

“ምን ትለካለህ?”

“ሶፋ። እቁቡ ደርሶኛል አይደል? እዚህ ጋ ኤል ቅርጽ ያለው ይገባል።”

ተናደድኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ጆተኒዬን የሰጠሁለት ሰው ሶፋ ይለካል! በማግስቱ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስወጣ “አትመጣም?” አላልኩትም። እሱም “ፀሐይ አይስማማኝም፣ እተኛለሁ” አለ። ተኛ፣ አልኩ በልቤ፣ ሶፋህ ላይ ተኛ።

ከታቦቱ ዑደት በኋላ የስለት ዕቃዎች ጨረታ ተጀመረ። ጥላዎቹ፣ ምንጣፎቹ፣ የተጠለፉት ጋቢዎች፣ አንድ የሚጮህ በግ፤ ከመሃላቸው የእኔ ጆተኒ ቆሟል። ከበጉ ጋር ተያይተዋል። ደንባችን የታወቀ ነው፤ ቸር የሆነ ሰው ጨረታውን ያሸንፍና “ለእመቤታችን መልሻለሁ” ይላል፣ እልልታ ይቀልጣል፣ ዕቃው እንደገና ይጫረታል። ጥሩ ጥላ እንዲያ እየተገዛና እየተመለሰ ቀኑን ሲዞር ይውላል።

ማይክ የያዘው ሰውዬ ጆተኒው ጋ ሲደርስ አንደበቱ ተሳሰረ። “ምእመናን፣ ይሄ... እ... ማለቴ፣ ይሄ ሰዎች ያሉበት ጠረጴዛ...” እጀታዋን ሳባት፤ ምንም የለም። አንዱ ቀርቦ የብር ሳንቲም ሊከት ሞከረ፣ አልገባም። “የማይሠራ ነው መሰለኝ፣ ግን ለበረከት...” አለ በማይክ።

የማይሠራ? ይሄን መታገሥ አልቻልኩም። ከሴቶቹ መሃል ወጣሁ፣ ከነጠላዬ ጫፍ ቋጠሮ ስሙኒ ፈታሁ፣ ከትቼ እጀታዋን ሳብኩ። ኳሶቹ ዷ፣ ዷ፣ ዷ እያሉ ወረዱ። ልጆች ጮሁ። አንድ ሽማግሌ “ወይኔ ይሄ ድምፅ!” አሉ። “ይሠራል” ብዬ ወደ ቦታዬ ተመለስኩና እጄን ነጠላዬ ስር ከተትኩ። የራሴን ዕቃ ራሴ አስወደድኩት።

አንድ ነጋዴ ገዛ፣ መለሰ፤ እልል አልን። ሌላው ገዛ፣ መለሰ፤ አሁንም እልል አልን። እኔም በሆዴ “እንዲህ ሲዞር ይዋል፣ ማታ እንዴት እንደሚሆን እመቤቴ ታውቃለች” እያልኩ ነው። ከዚያ የሰፈራችን ባለ ልኳንዳ እጁን አወጣ። “እኔ አልመልስም፣ እንጨቱን ፈልጌው ነው። ሰዎቹን ነቅሎ መጣል ነው እንጂ ለሥጋ መከትከቻ ግሩም ይወጣዋል” አለ፣ ሁሉም እስኪሰማ።

ከሽንኩርት ያወጣሁት ወደ ሥጋ ሊሄድ ነው። ነጠላዬ ስር ጣቶቼን እርስ በርስ ቆልፌ ያዝኩ፤ አንዱ ቢያመልጠኝ ይነሳል። ወደ ነፍስ አባቴ አየሁ፤ እሳቸው መሬት ያያሉ።

ከወንዶቹ በኩል፣ ከኋላ፣ አንድ ሰው ጨመረ። ባለ ልኳንዳው ጨመረ። ያም ከኋላ ጨመረ። ማን እንደሆነ ለማየት ብንጠራራም የጋቢ ጫፍ ብቻ ነው የሚታየኝ። ባለ ልኳንዳው ትከሻውን ነቀነቀ፤ “ለጠረጴዛማ በዛ!” አለና እጁን ሰበሰበ። “አንደኛ! ሁለተኛ! ሦስተኛ!” አለ ማይክ የያዘው። “ገዢው ወደ ፊት!”

ሰው ገለል ገለል ሲል ጎኑን በአንድ እጁ ደግፎ፣ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ጋቢውን እስከ ጆሮው አጣፍቶ፣ ቀስ እያለ የሚመጣው ባሌ ነው።

ሰውዬው ማይኩን አፉ ጋ አስጠጋለት። ሴቶቹ ለእልልታ ተዘጋጅተዋል። “እሺ ጌታዬ፣ ለእመቤታችን...?”

“አልመልስም” አለ ባሌ።

ጉርምርምታ ሆነ። “እ... ፈቃድዎ ነው፣ ማለቴ፣ ግን...”

“የዚህን ቡድን በረኛ እዩት” አለ። ባርኔጣውን አወለቀ። ፀሐይዋ ራሱ ላይ አረፈች። “በረኛው እኔ ነኝ። ራሴን ለሥጋ መከትከቻ ጥዬ አልሄድም።”

ሰው ወደ በረኛው አየ፣ ወደ ባሌ ራስ አየ፣ እንደገና ወደ በረኛው አየ። ሳቁ ከልጆቹ ተነስቶ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደ፤ ከሳቁም መሃል እልልታው ፈነዳ። ነፍስ አባቴ አፋቸውን በመሐረባቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እኔም እጄን ከነጠላዬ ስር አውጥቼ እልል አልኩ።

ጆተኒው እዚያው የጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ተመለሰ። ሳሎን መሃል ሲቆም “ነፍስ አባቴ መልሰሽ እንዳትገዥ ብለውኛል” አልኩት።

“አንቺ መቼ ገዛሽ? አንቺ ለእሷ ሰጠሽ፣ እሷ ተቀበለች፣ እኔ ከእሷ ገዛሁ። ከአንቺ ጋር ጉዳይ የለኝም።”

“የሶፋው እቁብስ?”

እጀታውን በጣቱ እየነካካ፣ እኔን ሳያየኝ ተናገረ። “ሶፋ ስለካ የሳሎኑ ባዶነት ታየኝ። ይሄን ለእኔ ብለሽ ነው የሰጠሽው። ያን ያህል ዋጋ ያለኝ አልመሰለኝም ነበር።”

ስሙኒ ከተትኩና እጀታዋን ሳብኩ፤ ኳሶቹ ወረዱ። ከተጋባን ጀምሮ ጆተኒ ነክቶ አያውቅም። ዘንጎቹን እንደ ጋቢ ነው የሚይዛቸው፣ በሁለት እጁ ለስለስ አድርጎ። አላዘንኩለትም። መላጣውን በረኛ በቀኝም በግራም አለፍኩት፤ እሱ አንድ ጎል ሳያገባ ኳሶቹ አለቁ። የሰፈራችን የድሮ ሕግ ደግሞ ግልጽ ነው፤ በባዶ የተሸነፈ ሰው ከጆተኒው ስር ሾልኮ ያልፋል።

ሕጉን ነገርኩት። እሱም የእውነቱን ነው፣ ጎኑን ይዞ ሊንበረከክ ጀመረ።

“ተው! ስፌትህ ይፈታል!” ብዬ ክንዱን ያዝኩ። “ስለ አንተ እኔ አልፋለሁ።”

ነጠላዬን አውልቄ ተንበረከክሁና ከስር ገባሁ። እዚያ ናፍጣና አሮጌ ሽንኩርት ይሸታል። ከላይ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፍ ይሰማኛል፣ እግሮቹ አጠገቤ ቆመዋል፤ በሕይወት ያሉ፣ ካልሲ ያደረጉ እግሮች። ወዲያ ማዶ መውጣት አቃተኝ። እዚያው ተቀምጬ፣ አፌን በእጄ ይዤ አለቀስኩ።

“ምነው ቆየሽ?” አለ ከላይ።

“የላላ ብሎን አግኝቼ ነው።”

“እንግዲያው አጥብቂው፣ እጠብቅሻለሁ” አለ።